ሸለቆው በኩንታል

የሚገባው ሰው ሳይመሰገን መቅረቱ የቆየ ጉድለታችን ነው። ወርቅ ይዞ ለተመለሰ ሯጭ አበባ ታቅፈን ቦሌ እንሰለፋለን፤ ሯጩ የሚረግጠውን አፈር አጥረው፣ ደልድለውና ንጣፍ አልብሰው ከጭቃ ለሚገላግሉት ወገኖች ግን አንዲት የምስክር ወረቀት የሰጠ የለም። ዛሬ ይህን ዕዳ በመጠኑም ቢሆን ላቃልል።

ውለታቸው እንዲገባን መጀመሪያ ኋላ ቀሩን አሠራር እንይ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ሯጮቹ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። በአንድ ረድፍ፣ የኋላው ዓይን ከፊተኛው ተረከዝ ሳይነቀል፣ በግንዶቹ መሐል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። መሪው ሥር ወይም ድንጋይ ሲያይ ጣቱን አጩኾ ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ተከታዩም ለኋለኛው ያሳልፋል። ትናንት በሄዱበት ዛሬ አይሄዱም። አሠልጣኙም ቢሆን «ዛሬ ጫካ፣ ነገ ኮሮኮንች፣ ከዚያ አስፋልት» ከማለት በቀር የያዘው ካርታ የለም። በር የለ፣ ቲኬት የለ፣ ቀስት የተሳለበት ታፔላ የለ። ሲጨርሱ ጫማቸው ላይ የተጋገረውን ጭቃ በእንጨት ስባሪ ይፍቃሉ። ከዚህ ሁሉ ላብ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባ አምስት ሳንቲም የለም።

እንዲህ ካለ ሥርዓት አልበኝነት የተገኘው ውጤትም ያው የምናውቀው ነው። ሱሉልታ ላይ የመሮጫ ትራክ እስከ መሥራት የደረሰው ቀነኒሳ በቀለ፣ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች የግል ውድድር ያገኘው ወርቅ 11 ብቻ ነው። ንጣፍ ቢኖር ስንት ያመጣ እንደነበር አስቡት! አበበ ቢቂላም ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው በድንጋይ ንጣፍና በአስፋልት ላይ ሮጦ መሆኑን ተቃዋሚዎቻችን ልብ አይሉም። እግሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ምን ላይ ሲለማመድ ነበር ብሎ መጠየቅ ልማትን ማደናቀፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ወጥቶ፣ ጫንጮ ደርሶ ወደ ደርባ የታጠፈ ሰው ሜዳው በድንገት ተቆርጦበት ከገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ከታች የሙገር ሸለቆ ነው። ጭላዳው ከገደሉ ጫፍ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ የገበሬ እግርና የአህያ ኮቴ ያወጣው ቀጭን መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ፈረንጆች እንዲህ ያለ መሬት ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን። በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሩጫ ያካሂዳሉ። ከአራቱም የዓለም ማዕዘን የሚመጣው ሰው ከፍሎና ወረፋ ጠብቆ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጭቃና በኮረት ላይ ሲንገላታ ያድራል። ጭቃውን በንጣፍ ሸፍነው እንግዳ የማክበር ባህል ስለሌላቸው ነው።

እኛ ግን ብልሆች ነን። ወደ ሸለቆው ከመድከም ሸለቆውን ወደ ራሳችን አመጣነው። የሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ይቃጠላል፣ ይፈጫል፤ ሲሚንቶ ይሆናል። የደርባው ሲሚንቶ በከባድ መኪና ተጭኖ በሱሉልታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚህ ሲደርስ በውኃና በአሸዋ ይለወስና «የተፈጥሮ መናፈሻ» የእግረኛ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ የሸለቆ መንገድ የለንም የሚለው ሐሜት ነው፤ አለን። በኩንታል መጣ እንጂ ሸለቆው ያው ሸለቆ ነው።

እንዲህ ባለው መናፈሻ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ የሲሚንቶው ግንድ ነው። አርማታው በግንድ ቅርጽ ተሞልቶ ቡናማ ቀለም ይቀባል፤ ቅርፊቱ በመጥረጊያ ጭረት ይወጣለታል፤ የተቆረጠ እንዲመስል አናቱ ላይ የዕድሜ ቀለበት ሳይቀር ይሣልበታል። ይህ ግንድ የተተከለበት ቦታ ላይ ቀድሞ እውነተኛ ዛፍ ነበር። ያ ዛፍ ግን ቅጠል ያራግፍ ነበር፤ ሥሩም ንጣፍ ያነሣ ነበር። የአሁኑ ጨዋ ነው።

ሥነ ሥርዓቱም ተሟልቷል። አንድ ማለዳ ቱታ የለበሰ ልጅ ከንጣፉ ወርዶ ሣሩን እንደ ረገጠ ፊሽካ ተነፋ።

«አንተ ልጅ! ከሣሩ ውረድ!»

«ጋሼ፣ ንጣፉ ጉልበት ይጎዳል፤ ልምምድ ላይ ነኝ» አለ ልጁ፣ ባለበት እየረገጠ።

«ልምምድ እዚህ ክልክል ነው» አሉት የጥበቃው አባት፤ ከዚያም እንደ ማዘን አሉና «ፎቶ ከሆነ ግን ይቻላል» አሉት።

ልክ ናቸው። ሯጭ ላቡ ያስጠላል፣ ጭቃ ይጎትታል፣ አሥር ሆኖ ይመጣል፤ ኬክም አይገዛም። መናፈሻ የሆነውን የተራራ መንገድ ፊት በእግሯ ያቀናችው፣ ቅጠልና ጭራሮ ወገቧ እስኪጎብጥ ተሸክማ የምትወርደው እናትም ብትሆን ከፎቶ ጀርባ ስትገባ አታምርም።

በቡራዩ በኩል ያለው ውለታ ደግሞ ውኃ ነክ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ገፈርሳ ግድብ ላይ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ ነው። ከዚያ በታች ግን ከተማ ለከተማ ሲወርድ የፋብሪካውን፣ የሽንት ቤቱንና የጋራዡን እየተረከበ ቀለሙን ይለውጣል፤ መንገዱን ሳያቋርጥም ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲገባ ከገፈርሳ ጋር ዝምድና እንዳለው ማንም አይገምትም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ላይ አንድ ወንበር በ5 ሚሊዮን ብር ተሸጦ እራት ተበላ፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚያስፈልግም ተነገረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ትምህርት አግኝተናል። ወንዝ ማጽዳት የዓመታት ጣጣ ነው፤ ቱቦውን በየቤቱ እየተከተሉ ማነው የለቀቀው ማለት ይመጣል፣ ሰው ይቀየማል። ዳርቻውን በመብራት ማሸብረቅ ግን የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። መብራት ደግሞ አይሸትም።

ሰበታ ስንደርስ አንድ ታሪካዊ ስሕተት እናገኛለን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ አስተክለዋል ይባላል። የመናገሻ ሱባ ደን እስከ ዛሬ ቆሟል። ንጉሡ ግን ምን ያህል የዕቅድ ችግር እንደነበረባቸው ተመልከቱ፤ ዛፍ ተክለው ሪባን ሳይቆርጡ፣ ፏፏቴ በሞተር ሳያስነሡ፣ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል አርማታ ላይ ሳያጽፉ ሄዱ። የዛሬው የሰበታ ባለሀብት ይህን አይሳሳትም። መጀመሪያ ቆርቆሮ አጥር፣ ቀጥሎ ታፔላ። ታፔላው ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ በአረንጓዴ ዛፍ ተከብቦ ተሥሏል፤ ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ፍየል ይግጣል። ድሮ ሜዳውን በሰያፍ ያቋርጡ የነበሩት ሯጮች አሁን በጅማ መንገድ ጠርዝ፣ ከሲኖትራክ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሮጣሉ። ይህም ለፍጥነት ይጠቅማል። ከኋላ ጡሩምባ የሚነፋ ሲኖትራክን ያህል አሠልጣኝ ከየት ይገኛል?

አንዳንድ የዋሆች ግን አሁንም ያጉረመርማሉ። «ልማቱን አንጠላም» ይላሉ፤ «ከወንዙ ግራና ቀኝ ጥቂት ሜትር አፈር ሳይታጠር፣ ሳይነጠፍ ይቅርልን። የከብት መንገዱ የከብት መንገድ ይሁን። ጫካው ውስጥ ሰው በነጻ ይግባ።» እስኪ ይህን ሐሳብ በሰከነ አእምሮ እንመርምረው። ወጪው ስንት ነው? ምንም። ጨረታ ይወጣለታል? አይወጣም። ተቋራጭ፣ አማካሪ፣ የውል ማራዘሚያ፣ የዋጋ ማስተካከያ? አንዱም የለውም። የሚመረቅስ ነገር አለው? ባለሥልጣን መቼም አፈር ፊት ቆሞ «ይህን አፈር እንዳለ ትተነዋል» ብሎ ሪባን አይቆርጥም። ሐሳቡ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። መተው በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት አይደረግም።

ባዶ የሚመስል ሜዳ ምን እንደሚያጋጥመው ደግሞ ጃንሜዳ ምስክር ነው። የአገር አቋራጩ ሩጫ መናኸሪያ፣ የጥምቀቱ ሜዳ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ አትክልት ተራ ተዛውሮበት የቲማቲምና የሽንኩርት ገበያ ሆኖ ከረመ። በ2013 ገበያው ተነሣ፤ ትዝብቱ ግን ቀረ። የምንሮጥበት ቦታ ለእኛ ገና ያልተሠራበት ቦታ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል፤ የትልቅ ከተማ አካል ለሆነ ደግሞ ጭቃ አያምርበትም።

ስለዚህ የምስጋና ደብዳቤዬን በትሕትና በቀረበ አስተያየት ልዝጋው። ድል አድርጎ ለተመለሰ አትሌት ቦታ መሸለም የቆየ ደግ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ሯጩ ካርታ ይቀበላል፣ ያጥራል፣ የሙገርን ሸለቆ በኩንታል ገዝቶ ፎቅ ያቆማል። አካሄዱ እንከን የለውም። በሜዳው ሮጦ ወርቅ አመጣ፤ በወርቁ ሜዳ ተሸለመ፤ ሜዳው ታጠረ። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ የት ይለማመድ የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው። እሱም ወርቅ ያምጣና መሬቱን ይጠይቅ። መለማመጃ ካጣ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ቀድሞ ማሸነፍ ነበረበት።