ቂብላ በየት ነው?

ደሴ ሆቴል ውስጥ ስልኩን ይዞ በአየር ላይ ስምንት ቁጥር የሚሥል እንግዳ ያየ ሰው ዝንብ የሚያባርር ቢመስለው አይፈረድበትም። ሰውየው ቂብላ ፍለጋ ላይ ነው፤ ስልኩ ኮምፓሴ ተዛብቷልና አወዛውዘኝ ብሎታል። እኔን የሚያስቀኝ መወዛወዙ ሳይሆን ቦታው ነው። ከአዲስ አበባ የሚሰግድ ከሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ከሐረር የሚሰግድ ደግሞ አሥር ያህል ወደ ምዕራብ ዘንበል ይላል፤ ለደሴ ግን መካ ድፍን ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ሆኖም የስልኩ ከቨር መዝጊያው ማግኔት ነው፤ ያቺ ቅንጣት ብረት ቀስቱን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ትነዳዋለች። እንግዳውም አጠገቡ የቆመውን አስተናጋጅ ከመጠየቅ ማግኔቷን ማመን ይመርጣል።

«ሰው ይሳሳታል፣ መሣሪያ አይሳሳትም» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው፤ እኛ አገር መንገድ የተጠየቀ ሰው አላውቅም ማለት ስለሚያሳፍረው ያልረገጠውንም ሰፈር በአገጩ ያመለክታል። ኮምፓስ ግን የሚያውቀው ሰሜንን ብቻ ነው፤ የቀረው ስሌት ነው፣ ስሌትም ያከራክራል። በ1957 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዋሽንግተን እስላማዊ ማዕከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የዞረው፣ ጠፍጣፋ ካርታ መካን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ጋደል አድርጎ ቢያሳይም ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። በዚህ የሰሜን አሜሪካ ሙስሊሞች ብዙ ተሟግተዋል። ታዲያ ነገሩ ቸል ይባል? አይባልም፤ መፈለግ ግዴታ ነው። ግን ብዙዎቹ ሊቃውንት ለራቀ ሰው አቅጣጫው ይበቃዋል፣ ደክሞ ፈልጎ የሳተም ሰላቱ አይበላሽም ይላሉ። ማሌዥያ በ2007 እ.ኤ.አ. ለጠፈር ተጓዧ ያወጣችው መመሪያ ካዕባ ካልተቻለ ወደ ምድር፣ እሱም ካልሆነ ወደተመቸህ ዙር እስከማለት ደርሷል። ይህ ሁሉ እያለ ሰው ሰግዶ ሳይጨርስ ስልኩን ደግኖ «ሦስት ዲግሪ ስተሃል!» የሚለው ወንድማችን ማንን እንደሚያገለግል አይገባኝም።

የጠየቀ እንግዳ እኮ ለውዱእ ውሃ ይቀዳለታል፣ መስገጃ ይዋሳል። አስተናጋጁ ክርስቲያን ቢሆንስ? እንዲያውም ይሻላል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይን ከልጅነቱ ያውቃልና እንደዚያው ቆሞ ግራ እጁን ቢዘረጋ መካን አመለከተ። ጣጣው ከሰላት በኋላ ነው፤ እንግዳው ጫማውን ሳያጠልቅ ቡና ተፈልቷል ይባላል። ለመንገደኛ አራቱን ረከዓ ሁለት ማድረግ ተፈቅዶለታል፤ ወሎ ላይ አቦል ጠጥቶ በረካ ሳይደርስ መነሳትን የሚፈቅድለት ግን እስካሁን አልተገኘም።