የሞተች መኪና አንገቷ ረዥም ነው

አልቃሽ ባለሙያ ናት። ሟቹን በሕይወት ሳለ «ደህና ዋልክ» ብላው ባታውቅም፣ ሬሳው ሲወጣ ቁመናውን፣ ለጋስነቱን፣ የጥርሱን ንጣት በግጥም ታወርደዋለች። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው የሚባለው ለዚሁ ነው። ይህ ሙያ እየከሰመ ነው ብላችሁ ያዘናችሁ ሁሉ ተጽናኑ። ከለቅሶ ድንኳን ወጥቶ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ማኪያቶ ይጠጣል። አሮጌ የቅንጦት መኪና ባለፈች ቁጥር ብርጭቆውን ያስቀምጥና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «እንዴት በክብር አረጀች!» ይላል።

እነዚህን የመኪና አልቃሾች ላመሰግን ነው ብዕር ያነሣሁት። ሳይንሳቸው ጥልቅ ነው። እኔ በደካማ እውቀቴ፣ ላሜራ አንዴ በፋብሪካ ማተሚያ ተጨፍልቆ ቅርጽ ከያዘ በኋላ፣ ዝገት ካልበላው ወይም ሚኒባስ ካልገጨው በቀር መልኩን አይለውጥም ብዬ አምን ነበር። እነሱ ግን ላሜራ በተወለደ በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ራሱን በራሱ እንደሚያሳምር ደርሰውበታል። ፉንጋ ሆና ከፋብሪካ የወጣች መኪና፣ ማንም መዶሻ ሳያሳርፍባት፣ አንድ ቀን ጠዋት ቆንጆ ሆና ትነሣለች። ይህ ተአምር ሲፈጸም በዓይናችን አይተናል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ቢኤምደብሊው አዲሱን 7 ሲሪየስ ፍራንክፈርት ላይ አቀረበ። የፋብሪካ ስሙ ኢ65 ነው። ከሱ በፊት የነበረው ኢ38 ዝቅ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ የተቆጠበ ነበር። ጄምስ ቦንድ በ1997ቱ ፊልም ከኋላ ወንበር ተጋድሞ በስልክ ሲነዳው ታይቷል፤ ከዚህ በላይ ክብር ለመኪና የለም። አዲሱ ግን የዕቃ መጫኛው ክዳን ከሌላ ድስት የመጣ ይመስል ከገላው በላይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል። በፊት መብራቶቹ ላይ ቅንድብ በቅሎባቸዋል። በፊት ወንበሮቹ መካከል ደግሞ ሰባት መቶ ያህል ተግባር የሚያዝዝ አንድ ቁልፍ ተተክሏል፤ ስሙም አይድራይቭ። ሬዲዮ ለመክፈት የመመሪያ መጽሐፍ የሚነበብበት ዘመን እንዲህ ገባ።

ለቅሶው ወዲያው ተነሣ። ሙሾው የወረደው በክሪስ ባንግል ላይ ነው። ባንግል ከ1992 ጀምሮ የኩባንያው የዲዛይን ሹም የነበረ አሜሪካዊ ነው። ያቺን የዕቃ መጫኛ ክዳን «የባንግል መቀመጫ» አሏት፤ በእንግሊዝኛ ያሉበት ቃል ከዚህ የባሰ ነውርኛ ነው። ከሥራ ይባረር ብለው በኢንተርኔት ፊርማ አሰባሰቡ፤ ፈራሚው ከአሥር ሺህ በላይ ሆነ። ለጦርነት፣ ለረሃብ፣ ለቤት ኪራይ ጭማሪ ፊርማ ለማስፈረም የደከመ ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ይማር። የሰው ልጅ ለመኪና መቀመጫ ሲሆን አንድነቱ ያስቀናል።

ትንሽ የጎደለው ነገር ብቻ ነበር። የኢ65ን ውጫዊ መልክ የነደፈው አድሪያን ቫን ሆይዶንክ የሚባል ኔዘርላንዳዊ ነው። በሚሊሜትር የሚቆጠር ኩርባ ከመንገድ ማዶ የሚለዩት ዓይኖች፣ እርሳሱን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አላዩም። አይፈረድባቸውም፤ «ባንግል» ለሙሾ ቤት ይመታል፣ «ቫን ሆይዶንክ» ግን ምላስ ያስራል። ባንግል በ2009 ኩባንያውን ሲለቅ አልቃሾቹ እፎይ አሉ። በወንበሩ የተቀመጠው ቫን ሆይዶንክ ነበር።

ገበያው ደግሞ ሌላ ታሪክ ጻፈ። የተረገመችው መኪና እስከዚያ ከነበሩት የ7 ሲሪየስ ትውልዶች ሁሉ በልጣ ተሸጠች። ኩባንያው ግን ልቡ ራርቶ በ2005 የኋላዋን ጉብታ አለዘበላት። አልቃሾቻችን ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ዛሬ በረንዳው ላይ ጠይቋቸው። አንዱ ተጠግቶ፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከተነካካችው ይልቅ የመጀመሪያዋ ትሻላለች፤ ደፋር ናት፣ ከዘመኗ የቀደመች ናት» ይላችኋል። ያኔ ፊርማህን አኑረህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ በለቅሶ ቤት ሟችና ኀዘንተኛ ተጣልተው ነበር አይባልም።

ላሜራው ራሱን አሳመረ ማለት ነው? ወይስ ሌላ ነገር ተፈጠረ? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በ2022 አዲስ 7 ሲሪየስ መጣ፤ የፊት መብራቱ ለሁለት የተከፈለ፣ አፍንጫው የግቢ በር የሚያክል። እንጀራ እናት ቤት ስትገባ የሞተችው እናት በማግስቱ ጻድቅ ትሆናለች። ኢ65 ጻድቅ የሆነችው እንዲህ ነው፤ የከፋች መጣችላት። የ2022ቷም ተራዋን ትጠብቅ። እሷን የምታስከነዳ ስትወለድ፣ ያ የግቢ በር «ግርማ ሞገስ ያለው ፊት» ተብሎ ይለቀስለታል።

የጃጓር ታሪክ ደግሞ አልቃሽን ማዳመጥ ምን እንደሚያመጣ ያስተምራል። በ2003 የወጣችው ኤክስጄ ገላዋ በሙሉ አሉሚኒየም ነበር፤ በዘመኗ በዚያ ደረጃ ካሉ መኪኖች ቀለል ካሉት አንዷ ናት። መልኳ ግን የ1968ቷን አያቷን ይመስላል። አልቃሾቹ፣ «ይቺማ የጡረተኛ መኪና ናት፤ ሲፈጥራት አርጅታ ነው የተወለደችው» አሉ። ጃጓር ሰማ። ኢያን ካለም በ2009 ፍጹም አዲስ መልክ አወጣላት፤ የኋላ መብራቷ ቁልቁል የወረደ፣ ከኋላው መስኮት ጎን ጥቁር ሰሌዳ የተለጠፈባት። አሁን ደግሞ «የታለ ጃጓርነቷ? የአባቶቿን መልክ ማን ቀማት?» ተባለ። የ2003ቷም በዚያው ሳምንት ከጡረተኛነት ወደ ክቡርነት ከፍ አለች። በ2019 የኤክስጄ ምርት ጨርሶ ሲቆም ግን ያልተላቀሰ የለም። ሁለቱም ቆንጆ ነበሩ ተባለ። አዲሷን ሲያወጧት ካዘነው ይልቅ ሲቀብሯት ያዘነው በረከተ። የገዛት ሰው ቁጥርም እንዲሁ ቢበረክት ኖሮ ቀብሩ ባላስፈለገ ነበር።

የጀርመኖቹ ታላቅ ለቅሶ ግን የመርሴዲስ ነው። በ1991 ጄኔቭ ላይ የቀረበችው ኤስ ክላስ፣ ደብሊው140፣ ባለ12 ሲሊንደሯ ከሁለት ቶን በላይ ትመዝናለች። መስኮቷ ድርብ መስታወት ነው። ስፋቷ ከመብዛቱ የተነሣ መኪና ጭኖ ሀብታሞቹን ወደ ሲልት ደሴት የሚያሻግረው ባቡር ላይ አልገባ አለች። ሀብታም መኪናውን ትቶ ደሴት ሲሻገር አስቡት። «ታንክ ናት፤ አሳፋሪ ናት፤ ዘመኑን አታውቅም» ተባለላት። ያኔ የመርሴዲስ ዲዛይን አለቃ የነበረው ብሩኖ ሳኮ ራሱ ቁመቷ እንደበዛ ተናግሯል ይባላል። ዛሬ ያቺው ታንክ «የመጨረሻዋ እውነተኛ መርሴዲስ» ናት።

«የመጨረሻዋ እውነተኛ መርሴዲስ» የሚለውን ማዕረግ ልብ አድርጉ። ለስልሳ ዓመቱ ሰው ደብሊው123 ናት፤ ለሃምሳው ደብሊው126፤ ከሱ ለሚያንሰው ደብሊው124፤ ለአርባው ደብሊው140። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ጣሳ ናቸው። ይህን ጥበብ ለማወቅ የዲዛይን ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። ተናጋሪው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በሠፈሩ ያለፈችው ትልቋ መርሴዲስ የትኛዋ እንደነበረች መጠየቅ ይበቃል። ዳኛው ስለ መስመርና ስለ ጥምርታ ብዙ ይናገራል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ቁምጣ ለብሶ አስፋልት ዳር የቆመው ልጅ ነው።

ፍርዱ ሁልጊዜ ከልጅነት ብቻ አይመነጭም፤ አንዳንዴ ከኪስም ነው። ፖርሽ በ1997 ያወጣው 911 የፊት መብራቱ «የተጠበሰ እንቁላል» ተብሎ ተዘበተበት። ለረጅም ዘመን ከ911 ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። የቀደሙት ዋጋቸው ሰማይ ሲነካና ኪስ ሲሳሳ፣ እንቁላሉ እየጣፈጠ መጣ። «ጊዜ ራርቶለታል» ይላሉ አሁን። የራራለት የባንክ ሒሳባቸው መሆኑን ማን ደፍሮ ይናገር? አሜሪካ ውስጥም በ1948 ካዲላክ ከጦር አውሮፕላን ጅራት ቀድቶ ያበቀለው የኋላ ክንፍ፣ በ1959 ጣሪያ ነክቶ የብልግና ምልክት ተብሎ ተሰደበ፤ በ1965ቱ ሞዴል ጠፋ። ዛሬ በሙዚየም በመብራት ይጎበኛል። ክንፉ ያው ክንፍ ነው።

የእኛ አገር አልቃሾች ግን ከባድ ፈተና አለባቸው፤ እዚህ መኪና አትሞትም። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ ኮሮላ ከባለቤቷ ልጆች ጋር አብራ እያደገች፣ ዋጋዋ ከቁመታቸው ፈጥኖ ይረዝማል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ አሮጌዎቹ ዳግም ተወለዱ። ስለዚህ «ዲዛይኗ አያረጅም» የሚለው ቃል እዚህ ትክክለኛ ቦታውን አግኝቷል፤ ደላላው አፍ ውስጥ። ሲናገረው የሚጨምረውን ብር ቁጠሩ። በጥበብ ዓለም ይህን ያህል የሚከፈልበት የውበት ሒስ አላውቅም።

የሚደነቀውም ቁም ነገር ሌላ ነው። ወዳጃችን አንዲት አሮጌ መርሴዲስ ፊት ቆሞ «የፋብሪካውን ንጹሕ መስመር እዩልኝ» ሲል፣ ኮፈኗ ከሌላ ዓመት ሞዴል የተወሰደ ነው። ፓራውልቷን የሠፈሩ ላሜራ ሠሪ በመዶሻ ያወጣው ነው። ስፖኪዮዋ የማን እንደሆነ አምላክ ይወቅ። ያቺ መስመር በጀርመን እርሳስ ተጀምራ በመርካቶ መዶሻ ተፈጽማለች። ለመዶሻው ባለቤት ግን ሙሾ የሚያወርድለት የለም። መኪና በክብር አረጀች ከተባለ፣ ያስረጃት እሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል የሚያረጅና የማያረጅ ንድፍ የለም ማለቴ አይደለም። ሳኮ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1999 የመርሴዲስን ዲዛይን ሲመራ የያዘው ሕግ ነበረው። አዲሱ ሞዴል ሲወጣ የቀደመውን አሮጌ ማስመሰል የለበትም ይል ነበር። ስለ እርጅና ያሰበው መኪናዋ ሳትወለድ ነው። በሱ ዘመን ከ1979 እስከ 1991 የተሠራችው ደብሊው126 ከ800 ሺህ በላይ ተሽጣ፣ ዛሬም ቆማ ስትታይ አልቃሽ አያሻትም። ሥራው በወረቀት ላይ ተጠናቅቋል። ይህ ግን ድካም ነው፤ ማሰብ ይጠይቃል። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ መሳደብ፣ ኋላ ማልቀስ ይቀላል።

ደግሞ ለትሕትና ያህል አንድ ነገር ላስታውስ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ፣ ሮልስ ሮይስና መርሴዲስ የለመደ ግቢ ውስጥ የቀረበላቸው ቮልስዋገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነደፈች፣ የድሃ መኪና ትሁን ተብላ የታሰበች ጥንዚዛ። «በክብር አረጀች» ብሎ የሚያለቅስላት አላየሁም። ያም ሆኖ ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ዳገት ስትወጣ ታጋጥመናለች።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2001 የኢ65ን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቼ ከት ብዬ ስቄያለሁ፤ ባለፈው ወር አንዷን ቦሌ መንገድ ላይ ሳያት ግን አንገቴ እስኪጣመም ተከተልኳት። ስለዚህ ለራሴም ለእናንተም የምለው አንድ ነው። ነገ አዲስ መኪና ሲያስጠላችሁ ስድባችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቀን ጨምሩበት፤ ፈርሙበት፤ በመሳቢያ ቆልፉት። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ «እንዴት ያምራል» ለማለት አፋችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ ያንን ወረቀት አውጥታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ባንግል ይባረር ብሎ የፈረመው ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ነው። ይቅርታ ብሎ የፈረመ እስካሁን አንድ አላጋጠመኝም።