እርጥብ ጋን አይከደንም

እኔ ክረምትን የምቆጥረው በአፍንጫዬ ነው። ሰኔ የራሰ አፈር ይሸታል። ሐምሌ ያልደረቀ ካልሲ ይሸታል። ነሐሴ ደግሞ የእኔን ቁም ሳጥን ይሸታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር ለተቀመጠ የደብረ ታቦር ሰው ይህ አቆጣጠር ከግድግዳ ካላንደር አያንስም። የእኛ ቤት ካላንደርማ ራሱ ሻግቷል፤ ጾሙን ከፍስኩ መለየት ካቃተን ቆይቷል።

ጉዱ ፈጦ የወጣው በቡሄ ዋዜማ ነው። የከተማችን ስም የበዓሉም ስም ስለሆነ ነሐሴ 13 ለእኛ እንደ ልደት ቀን ነው፤ ሰው ያለውን አውጥቶ ይለብሳል። እኔም ያለችኝን አንዲት ሱፍ ልብስ ላወጣ ቁም ሳጥኑን ከፈትሁ። ለሰርጌ ስገዛት ጥቁር ነበረች። አሁን ትከሻዋና እጅጌዋ ላይ አመድማ ጸጉር አብቅላ፣ ከእኔ ቀድማ ሸብታ ጠበቀችኝ።

«ነይ፣ ጉድ እይ!» አልኋት ባለቤቴን።

መጥታ አየችና፣ «እሷስ ጸጉር አላት» ብላ መላጣዬን ቃኘችው።

በባትሪ ወደ ቁም ሳጥኑ ጀርባ አጮልቄ ስመለከት ደግሞ የባሰው እዚያ ነበር። ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተያይዞ ካርታ ሠርቷል። ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ጣቱን ቀስሮ፣ «አባዬ፣ ይኸ አፍሪካ፤ ይቺ ማዳጋስካር» አለኝ። ቀጥሎም እንዳልነካው መከረኝ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነው አለ። ፍሌሚንግ ሱፍ ልብሱ ላይ አላገኘውም ብዬ መለስሁለት።

የመጀመሪያው ዘመቻ በመጥረጊያ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ ግድግዳውን በደረቁ ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት። ካርታው ጠፋ፤ ማስነጠስ መጣ። የዚያን ዕለት «ይማርህ» ያለኝ ሰው ብዛት ለዓመት ይበቃኛል። ኋላ እንደተረዳሁት ሻጋታ የሚራባው በዓይን በማይታይ ብናኝ ነው። ብናኙ ደግሞ አቧራ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ያገኘው ነገር ላይ ተቀምጦ እርጥበት ይጠብቃል። እኔ ያጸዳሁ ሲመስለኝ ለካ ዘር ስበትን ነው የዋልሁት። የግብርና ባለሙያዎቻችን በመስመር ዝሩ እያሉ ስንት ዓመት ሲለፉ እኔ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በብትን ዘራሁት።

ሁለተኛው ዘመቻ በረኪና ነበር። ግን «በረኪና ብቻውን ምን ያደርጋል?» አልሁና ከጓዳ አቼቶ አምጥቼ ቀላቀልሁበት። ዓይኔ እንባውን አወረደው፤ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ባለቤቴ በኮሌታዬ ጎትታ ደጅ አወጣችኝ። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ኢፕር ላይ የጠላትን ምሽግ ያስለቀቁት በሱ ነበር። እኔ የራሴን መኝታ ቤት አስለቀቅሁበት። በረኪና ብቻውን፣ ከ1 ኩባያ ሳይበልጥ፣ በ4 ሊትር ገደማ ውሃ፣ መስኮት ተከፍቶ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ሻጋታው ግን በዚያን ጊዜ ከእኔ የተሻለ ጤና ነበረው።

ሦስተኛው ቀለም ነው። ቀለም ሻጩ፣ «ይኸ የዘይት ቀለም ነው፣ ጋሼ። እንኳን ሻጋታ ዝሆን አይበሳውም» ብሎ ማለልኝ። ሁለት እጅ ቀባሁት። ግድግዳው እንደ መስታወት አብረቀረቀና ሳምንት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር መኝታ ቤት እያስገባሁ ሳስጎበኝ ሰነበትሁ። ለእንቁጣጣሽ ግን ቀለሙ እዚህም እዚያም እንደ ብስል እንጀራ ዓይን አወጣ። ዓይኑን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ውሃ ወጣው፤ ከሥሩም ማዳጋስካር ብቅ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለካ ለግድግዳም ነው።

ይበልጥ ያፈርሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እኔ የጋፋት ጎረቤት ነኝ። ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብላ ካለችው ከዚያች ኮረብታ ላይ ነው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት። ሴባስቶፖል በ1867 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚያ ነው። ቀልጦ የነደደ ነሐስ በደንብ ባልደረቀ የአፈር ቅርጽ ውስጥ ቢፈስ፣ እርጥበቱ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ሁሉን ነገር ፊት ላይ ይበትነዋል። ስለዚህ መድፍ አቅላጭ አስቀድሞ ያደርቃል፤ ቀጥሎ ያፈስሳል። በእግሬ ሄጄ በምደርስበት ቦታ ላይ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ይታወቅ የነበረውን ነገር ሳላውቅ ነው እኔ እርጥብ ግድግዳ ቀለም የቀባሁት።

ሲያትል የሚኖረው ወንድሜ ደወለ። ዝናብ የማይጠፋበት ከተማ ስለሆነ ነገሩን ያውቀዋል።

«ባለሙያ ጥራ» አለኝ።

«የምን ባለሙያ?»

«የሻጋታ ባለሙያ ነዋ!»

እነሱ ዘንድ ሻጋታ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያው ከአናቱ እስከ ጫማው ነጭ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይመጣል። ክፍሉን በፕላስቲክ ይጋርዳል። ብናኙ ወደ ሌላው ክፍል እንዳያመልጥ አየሩን በሄፓ ማጣሪያ እየሳበ ያስወጣል። በመሣሪያ የግድግዳውን እርጥበት ይለካል፤ የሻገተውን ቆርጦ በላስቲክ አስሮ ይጥላል። ቤታቸው እንጨትና ወረቀት የለበሰ ጂብሰም ነው፤ ለሻጋታ ደግሞ ወረቀት ማለት እንጀራ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ወደ ብር መታሁትና ዝም አልሁ። በዚያ ገንዘብ ቤቴን ከነሻጋታው መሸጥ ይቀለኛል።

«ግን ትንሽ ከሆነች አንተም ትችላለህ» አለ ሲያጽናናኝ። «የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ1 ካሬ ሜትር ገደማ የማትበልጠውን ባለቤቱ ራሱ ያጽዳት ይላል። ያንተ ስንት ነው?»

«ማዳጋስካርን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?»

ባለቤቴ ከጎን ሆና ስትሰማ ቆይታ ትዕግሥቷ አለቀ። «አቃጥለነው እንውጣ! ቴዎድሮስም ከደብረ ታቦር ሲወጡ እንዲሁ ነው ያደረጉት» አለች። ታሪኩ እውነት ነው፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲነሱ ከተማዋን አቃጥለዋታል። እሳቸው ግን የባንክ ብድር አልነበረባቸውም።

ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ። ማስታወቂያዎቹን አነበብሁ። ዲሽ የሚያስተካክል አለ፤ ምጣድ የሚጠግን አለ፤ ሞባይል የሚከፍት አለ። ሻጋታ የሚያስለቅቅ የለም። በመጨረሻ ሰው የጠቆመኝ አንድ ግንበኛ ዘንድ ደረስሁ። አዛውንት ናቸው፤ በልጅነታቸው ጋይንት፣ ቤተልሔም ድጓ ሲማሩ ቆይተው ኋላ ወደ ድንጋይ የተመለሱ። ሁላችን አያ እንላቸዋለን።

አያ መጡ። ካፊያ ነበር። «ይግቡ» አልኋቸው፤ አልገቡም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ቤቱን ከውጭ አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ደገሙት። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አያ፣ ሻጋታው እኮ ውስጥ ነው።»

«ሻጋታው ውስጥ ነው። ውሃው ግን ውጭ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። በአሸንዳው ጀመሩ፤ መጋጠሚያው ላይ ተላቅቆ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ በአንድ ማዕዘን፣ ልክ በመኝታ ቤቴ በኩል ያወርደዋል። ወደ አበባ መደቤ አለፉ። ይህ መደብ ኩራቴ ነው። ግድግዳውን አስጠግቼ፣ አፈር ከምሬ፣ ጤና አዳምና ጽጌረዳ ተክዬበታለሁ።

«ይኸን ማን ተከለው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ፤ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ።

«ማን ነው የሚያጠጣው?»

«በበጋ እኔ፣ በክረምት እግዜር።»

«እንግዲያ ግድግዳህን ዓመት ሙሉ እያጠጣኸው ነው ማለት ነው፣ ልጄ።»

በምርኩዛቸው አፈሩን ገለጥ አደረጉት። ውሃ ልኩ ከሥር ተቀብሯል፤ አፈሩ ብሎኬቱን ነክቶታል። ብሎኬት እርጥብ አፈር ከነካ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስበው ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል አሉኝ። እኔ ከውስጥ የዘይት ቀለም ቀብቼ መውጫውን ደግሞ ደፈንሁበት።

አሁን ገቡ። ከመግባታቸውም ቀና ብለው ሳሎኑ ውስጥ ያሰጣነውን ልብስ አዩ፤ ደጅ ዝናብ ስለሆነ ከሐምሌ ጀምሮ ገመዱ ከቴሌቪዥኑ እስከ ቡፌው ተዘርግቷል። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ዙሪያውን በጋዜጣና በፕላስተር ታሽጓል። ከማድ ቤት ድስቱ ያተናል፤ ሌሊት አምስት ሰው ይተነፍሳል። «ይኸ ሁሉ እንፋሎት የት እንዲሄድ ነው?» አሉ። የት እንደሚሄድ ያወቅሁት ያኔ ነው። የድስት ክዳን ላይ ጤዛ እንደሚሠራው ሁሉ፣ ሙቁ አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ከግድግዳው ሁሉ ቀዝቃዛው ደግሞ ቁም ሳጥን የተለጠፈበት፣ አየር የማይደርሰው ነው።

ይህን ስንባባል ጎረቤታችን እማማ ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። በዚህ ሰፈር ጠላቸውን ያልጠጣ የለም። ሁኔታውን ዓይተው አያን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እርጥብ ጋን ይከደናል እንዴ?»

«አይከደንም፣ እማማ።»

«ለምን?»

«ይሻግታላ።»

«ታዲያ ይኸ ምንህ ነው?» ብለው በእጃቸው ከጣሪያ እስከ ወለል አሳዩኝ።

እሳቸው ጋን በግራዋ ያሹታል፣ ያለቀልቁታል፣ ደፍተው ፀሐይ ያስመቱታል፣ በወይራ ያጥኑታል። ጠላ የሚገባውና የሚከደነው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ዘመናዊ ስንሆን መጀመሪያ የምናገኘው ክዳኑን ነው። የድሮው ሣር ቤት በጭሱና በቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። ብመኘው ግን እማማ አይፈቅዱልኝም፤ ዓይናቸውን የጎዳው ያ ጭስ ነው። «ጭሱ ይቅር፤ ቀዳዳው ይኑር» አሉ። አያም ከተማሪ ቤት ዘመናቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ችንካር ላይ የሚንጠለጠለው መሬት እንዳይነካ፣ አየርም እንዲያገኝ ነው። «ድጓ ከመሬት ተነሥቶ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ያንተ ሱሪ ከድጓ ይበልጣል?»

ሥራው ከወሬው ይልቅ ቀላል ሆነ። አሸንዳው ተጋጠመ። ጽጌረዳው ወደ አጥር ተሰደደ። አፈሩ ከውሃ ልኩ በታች አንድ ስንዝር እስኪወርድ ተዛቀ፤ ቦይም ተቀደደለት። ቀለሙንና የበሰበሰውን ልስን፣ በኮሮና ጊዜ ማስክ አፋችንን ሸፍነን፣ ውሃ እያርከፈከፍን ፋቅነው፤ በሳሙና አጠብነው። ከዚያ አያ «ተወው» አሉ። እስከ መቼ? «እስኪደርቅ።» መስቀል አለፈ፤ የጥቅምት ነፋስ መጣ፤ ግድግዳው ነጣ። የቀባነው ኖራ ነው። ሻጋታ ኖራን አይወድም፤ ግድግዳውም በኖራው ውስጥ ይተነፍሳል።

የከበደው፣ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ማራቅ ብቻ ነበር። ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ሆኖ፣ መንገድ በሌለበት ገደልና ዳገት ስድስት ወር ያህል ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። የእኔ ቁም ሳጥን የሚሄደው አንድ ስንዝር ነው። አራት ጎረምሳ ጠራሁ። «ሳብ!» ተባለ፤ አልነቃነቅ አለ። «ሳብ!» ተባለ፤ አንድ እግሩ ተሰበረ። በሦስተኛው መጣ። ግን ቁም ሳጥኑ ሲመጣ የኮምፔርሳቶ ጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ሱፏን እማማ ወሰዷት። ብሩሽ አድርገው፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አውለው፣ «ለጥንቃቄ» ብለው እንደ ጋኖቻቸው በወይራ አጠኗት። ጥቁረቷ ተመለሰ፤ ሽበቷ ጠፋ።

ጥር ላይ የዘመድ ሰርግ ተጠርቼ እሷኑ ለብሼ ሄድሁ። ዳሱ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥሁ። አንድ ጊዜ አሸተቱኝ። ፊታቸውን አዙረው ቆዩና እንደገና አሸተቱኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ባዶ ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።