አራት ክር፣ አራት ሰው

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ሁለት ጥያቄ ሳይጠየቅ ውሎ አያድርም። አንደኛው «ለምን አራት ክር ብቻ? ሁለቱ ተበጥሰውብህ ነው?» የሚለው ነው። አልተበጠሱም፤ ለሊድ ጊታሩ አበድሬው ነው፤ እሱ ደግሞ የተበደረውን መልሶ አያውቅም። ሁለተኛው «አንተ ባትኖር ለውጥ አለው እንዴ?» የሚለው ነው። አለው። እኔ የቀረሁ ለት ሰው ይቀመጣል። ዘፋኙ የቀረ ለት ግን ሰው ራሱ ይዘፍናል፣ ያውም ቅኝት ሳይስት።

መጋቢት 2012 ላይ ይሄ ጥያቄ ከቀልድነት አለፈ። ወሩ በገባ በ4ኛው ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክለቡ ተዘጋ፣ ሰርጉ ተሰረዘ፣ እጅ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም እንዲሁ። እኛ ደግሞ ባንዱ ውስጥ አምስት ነን። «እንግዲህ አንድ ሰው ይቀነስ» ሲባል አራቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አልኳቸው። «አዋጁ የሚለው አራት ነው። እዚህ ቤት አራት ያለው እኔ ብቻ ነኝ። የወጣውም ለእኔ ነው።»

«ብቻህን ልትጫወት ነው?» አለ ድራመሩ።

«ድሮስ ከማን ጋር ነበርኩ? እናንተ መቼ ሰምታችሁኝ ታውቃላችሁ!»

ዘፋኙ «ነገሩን በጤና ሕግ እንየው» ብሎ መጣ። ራሱን በራሱ ከሰሰ። ቤት ዘግቶ አፍ ከፍቶ መዝፈን ምን እንደሚያደርስ ዓለም ያየው ገና በመጀመሪያው ሰሞን ነው። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጊት በሚባል አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 ለአንድ ምሽት ልምምድ ከተሰበሰቡት 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ከ50 በላይ የሚሆኑት ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። ይሄ አይቀለድበትም። ግን ሕጉ ማንን ከመድረክ እንደሚያወርድ ያሳያል፦ የሚዘፍነውንና የሚነፋውን። ቤዝ ትንፋሽ አይፈልግም። ማስክ አጥልቄ፣ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ፣ ጥግ ቆሜ መጫወት እችላለሁ። «ማነው ይሄ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማስክ ሳይኖርም የጠየቀ የለም።

ቤዜን እንደ ሰው የቆጠራት የታክሲ ረዳት ብቻ ነው። ታክሲ በግማሽ ጫን፣ በእጥፍ አስከፍል በተባለበት ሰሞን ቤዜን ታቅፌ ገባሁ።

«ለሷም ክፈል» አለኝ።

«እሷ ማን ናት?»

«ያቀፍካት።»

«እሷኮ እስከ አናቷ ዚፕ ተዘግታለች። ያንተ ማስክ ደግሞ አገጭህ ላይ ነው።»

«ወንበር ይዛለች!»

«የት? ጭኔ ላይ ናት።»

«እንግዲያው ርቀት አልጠበቃችሁም። የሁለት ሰው አምጣ።»

ከፈልኩ። የአዲስ አበባን ረዳት በአፍ የረታ ሰው ካለ ይነገረኝና ሄጄ ልማርበት።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ፤ የልቤ ነገር እዚያ ነው። ሊድ ጊታር የሚጫወተው ወዳጄ ወረርሽኙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዕቁብ ወጣለትና አሜሪካ የተሠራ ፌንደር ገዛ። ከዚያን ቀን ወዲህ የእኔን ስኳየር ባየ ቁጥር «ያቺ ሳንቃህ አለች?» ይለኛል። አለች። ስኳየር ማለት ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ለርካሽ ጊታሮቹ ያቆመው ስም ነው። አባቱ አንድ ነው። አንተ አባትየውን ገዛህ፣ እኔ ልጁን ገዛሁ። የአባቱ ዕዳ የመጣው ግን ወደ አንተ ነው።

«በርካሽ ቤዝ የት ትደርሳለህ?» ይለኛል ደግሞ። ፖል ማካርትኒ የደረሰበትማ ይበቃኛል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሃምቡርግ ላይ ያቺን ቫዮሊን የምትመስል ሆፍነር በ30 ፓውንድ ገደማ የገዛት ለፌንደር የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ነው። በ1972 ለንደን ውስጥ ተሰረቀች፤ መገኘቷ የተነገረው በ2024 ነው። ሌባው እንኳ «ርካሽ ናት» ብሎ አልተዋትም።

ርካሽ ዕቃ ሲባል ደግሞ ሰው ዋጋውን አይቶ ሥራውን ይረሳል። ከፋብሪካ የወጣ ርካሽ ቤዝ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እንጨቱ ላይ አይደለም፤ የሚያስተካክል እጅ አለማየቱ ነው። አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት በአለን ቁልፍ ሩብ ዙር ታዞረዋለህ፤ ክሩ ከጣት ጋር ይታረቃል። ድልድዩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች አስተካክለህ ባዶው ክርና 12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰማው ድምፅ አንድ ኖታ እስኪሆኑ ትፈትሻለህ። የሚያዛጋውን የጃክ ሶኬት በብየዳ ትነካካዋለህ። ይህን ያላስደረገ የሺህ ዶላር ቤዝ፣ ይህን ካስደረገ የመቶ ዶላር ቤዝ ጎን ቢቀርብ ያፍራል። ወዳጄ ግን ፌንደሩን ከገዛበት ቀን ጀምሮ አንድ ብሎን አልነካም። «ዋስትናው ይበላሻል» ይላል። ዋስትናው ያለው ካሊፎርኒያ፣ አንተ ያለኸው ካዛንቺስ!

ዕቃ ከየት ይመጣል ላላችሁኝ፣ ከዲሲ ይመጣል፣ በሰው ሻንጣ። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ አንገቱን ከአካሉ ጋር በአራት ብሎን ነው ያሰረው። ለፋብሪካ እንዲቀል ነበር ያሰበው፤ ለእኛ የአየር መንገድ ሚዛን እንዳሰበልን ግን አላወቀም። አንገቱ ለብቻ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ አካሉ በፎጣ፣ ከሕፃናት ልብስና ከቪታሚን ጋር 23 ኪሎው ውስጥ ይገባል። ሻንጣውን ያመጣችው አንዲት አክስት ቦሌ ላይ «ይሄ ምንድነው?» ስትባል «መጥረቢያ አይደለም» ብላ አልፋለች። እውነቷን ነው።

በነገራችን ላይ መድረኩ ሁሉ ተዘግቶ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ2020 ፌንደር በታሪኩ ያላየውን ሽያጭ አየ። ቤት የተዘጋበት ዓለም ሁሉ ጊታር ገዛ። የሚጫወት የታገደበት፣ የማይችለው የገዛበት ዓመት! እኔ ግን አልተቆጣሁም። ሁለት ወር ነካክቶ አልጋ ሥር የሚገፋት ሰው አንድ ቀን ይሸጣታል፤ ያን ቀን ደግሞ እኔ አለሁ።

ክር ግን በሻንጣም አልመጣ አለ፤ በረራው ሳስቶ ነበር። ያለኝን ክር ፈታሁና እንደ ፓስታ ጠቅልዬ ቀቀልኩት። የወዝና የላብ ቆሻሻ ጠመዝማዛው ውስጥ ገብቶ ነው ድምፁን የሚያደነዝዘው፤ የፈላ ውኃ ያወጣዋል፤ አድርቀህ ትመልሰዋለህ፤ ለጥቂት ሳምንት አዲስ ይመስላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅቅል ይደክማል። አከራዬ በሩን ከፍተው ድስቱን አዩት።

«ምንድነው የምትቀቅለው?»

«ሙዚቃ ነው፣ እትዬ።»

«ኪራዩስ?»

«እሱ ገና አልበሰለም።»

«አዋጁ ተከራይ አታስወጡ ባይል ኖሮ…»

«አዋጁ ባይኖርማ ክለቡ ክፍት ነበር፣ እትዬ፤ ኪራዩም ተከፍሎ ነበር፤ ይሄ ድስትም ሽሮ ይሠራበት ነበር።» ደሞ ሽሮ ስል ጊዜ ሳቁና ከቤታቸው ላኩልኝ።

ጄምስ ጄመርሰን እኮ ክር አይቀቅልም ነበር። አይቀይርም ነበርና! እ.ኤ.አ. በ1962 በተሠራ ፕሪሲዥኑ፣ በአንድ ጠቋሚ ጣት፣ የአሜሪካውን ሙዚቃ ቤት የሞታውንን ዘፈኖች ወገብ የያዘው እሱ ነው፤ ስሙ ግን በሞታውን አልበም ላይ ሲጻፍ 1971 ደርሷል። እኛም ጋ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» የሚያንጎራጉር ሰው ስለ አይቤክስ ባንድ ብትጠይቀው «የእንስሳ ስም ነው» ይልሃል። ጆቫኒ ሪኮን ብትጠይቀውማ «ፒዛ ቤቱ?» ይልሃል። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት ነው፣ ወንድሜ፤ ቁጭ ብለህ ትከሻህን ያስነቀነቀህ።

ከዚያ የላይቭ ዘመን መጣ። «ስልክህን አቁምና ከቤት ተጫወት» ተባለ። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ መውረድ አይችልም፤ ጆሮህ ከላይኞቹ ድምፆች ተነስቶ በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫውቼ የመጣልኝ አስተያየት «ድምፅ የለም፣ ጣቱ ግን ያምራል» የሚል ነበር። ባንዱ በአንድ ላይ በኢንተርኔት ይግባ ሲባል ደግሞ ባሰ። ሙዚቀኞች የሚሰማሙት ድምፁ በ30 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ሲደርስ ነው፤ የእኛ ኔትወርክ ሲረጋጋ እንኳ ያን ያህል ፈጥኖ አያውቅም። ችክችካውን አብረን ጀምረን ድራመሩ አንቺ ሆዬ ላይ ሲሆን እኔ ገና ትዝታ ላይ ነበርኩ። ኪቦርዲስቱ «ቤዙን በግራ እጄ እሸፍነዋለሁ» አለ። ሸፍን! ግራ እጅህ ግራ የገባው እንደሆነ ሀገር ያውቃል።

በመካከሉ ስልክ ተደወለ። ግቢ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ «ትንሽ» ሰርግ አለ፤ ትንሽ ማለት ሰማንያ ሰው ነው። ክፍያው ግማሽ፣ «ቪዲዮው ግን ይታያል፣ ስማችሁ ይወጣል።»

«ወንድሜ» አልኩት «ስሜ የሚወጣው የት ነው? የሆስፒታል መዝገብ ላይ?»

«አርቲስት ለጥበብ ይሞታል!»

«ቀብዱን ማን ይይዛል? ቀብሩንስ?»

አልሄድኩም። ወዳጄ ሄደ፣ የዕቁብ ሳምንቱ ደርሶ ነበርና። ዕቁብተኛው ወረርሽኝ አያውቅም፤ ፌንደሩ በየሳምንቱ ይጠራዋል። ሄዶ ተጫወተ፤ ቤተሰቡን ፈርቶ ለሁለት ሳምንት ጋራዥ ውስጥ አደረ። እኔ ቤት ሽሮ በላሁ። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ የእኔ ሳንቃ የማንም ዕዳ ስላልነበረባት ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ርካሽ ቤዝ ለእኔ የገዛችልኝ ትልቁ ዕቃ «አልመጣም» የምትለው ቃል ናት፤ እሷ ደግሞ በማንኛውም ሱቅ አትሸጥም። አሁንም ጀማሪ ልጆች «ምን ልግዛ?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «በማን ገንዘብ?» ብዬ ነው።

ጋሼ፣ የድሮው ሙዚቀኛ፣ ይህን ሰምተው ሳቁብኝ። «እኛ በደርግ ሰዓት እላፊ በር ተዘግቶብን እስኪነጋ ስንጫወት ነበር፤ እናንተ ለጉንፋን ተደበቃችሁ።»

«ጋሼ፣ ያኔ ወታደሩ የቆመው ውጭ ነበር። ይሄኛው ከሚገባው ሰው ጋር በር ከፍቶ ይገባል።»

«ወኔ የላችሁም!»

«ወኔ አለን፤ ኦክስጅን ነው ያጠረው።»

እሳቸው ዝም ካሉ በኋላ ፈረንጆቹ ያደረጉትን በስልክ አሳየኋቸው። ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ ላይ ሰው በየመኪናው ተቀምጦ በሬዲዮ ኮንሰርት ሰምቷል፤ ጭብጨባው ክላክስ ነው። የእኛ ሰው ይሄን ከመስቀል አደባባይ እስከ መገናኛ ያለ ዘፋኝ በየቀኑ ያደርገዋል። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ፍሌሚንግ ሊፕስ የሚባለው ባንድ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ራሱንም ተመልካቹንም በፕላስቲክ ኳስ ውስጥ ከተተ፤ በየኳሱ ፎጣና ውኃ፣ ሽንት የመጣበት ሰው የሚያነሳው ጽሑፍም ነበረበት። ጋሼ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ሽልማት የሚለጥፈው ሰው በየት ይገባል?» አሉ። የሙያው ሰው ጥያቄ ይሄ ነው።

መስከረም 2013 ላይ አዲሱ 200 ብር ወጣ፣ የሚለጠፍበት ግንባር በሌለበት ሰዓት። ሥራ ቀስ በቀስ ሲመለስ አንድ ምሽት ዘፋኛችን ፊቱን በፕላስቲክ ጋርዶ ቆመ። አንድ ሞቅ ያለው እንግዳ አዲሷን 200 ይዞ ወጣ፤ ፕላስቲኩ ላይ ቢለጥፋት ተንሸራተተች፣ ደግሞ ቢለጥፋት ወደቀች። ተናደደና ዙሪያውን ቃኘ። በባንዱ ውስጥ ላቡ የወረደ፣ ግንባሩ የተገለጠ አንድ ሰው ነበር። መጥቶ ጥፍጥፍ አደረጋት፤ በዚህ ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሬ ገንዘብ ቀመሰ።

ዘፋኙ ማይኩን ዝቅ አድርጎ «የእኔ ናት፣ መንገድ ስታ ነው» ብሎ እጁን ሰደደ።

«ርቀትህን ጠብቅ» አልኩት።