ቱቦው አይነካ!

የአገሬ ወንድ ምንም አይፈራም። የቀለበት መንገድን አጥር ዘሎ ያቋርጣል፤ ሐኪም ከልክሎት ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል፤ ያመመውን ጥርስ ራሴ በጉጠት ካልነቀልኩ ይላል። የዚህ ጀግና ጉልበት የሚብረከረከው ቫሴክቶሚ የሚባል ነገር ሲነሳ ብቻ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የዘር ቱቦ በግራም በቀኝም ተቆርጦ ይዘጋል ሲሉት፣ የአገር መሬት ተቆርሶ የተሸጠ ይመስል ክተት ያውጃል። እኔም ዛሬ ከጎኑ ልሰለፍ መጥቻለሁ። ቱቦው አይነካ!

ለዘመቻው የሚሆነው ሳይንስ ፀጉር አስተካካይ ቤት ውስጥ ተሟልቶ ተሠርቷል። መሠረቱ፣ ቱቦው የተዘጋ ወንድ ሙክት ይሆናል የሚለው ግኝት ነው። ሙክት ማለት ፍሬው የተቀጠቀጠ በግ መሆኑን ለፋሲካ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል፤ ዋጋው ከሌላው በግ እንደሚበልጥም ያውቃል፤ ያም ሆኖ ማዕረጉን ለራሱ አይፈልገውም። በቫሴክቶሚ ግን ፍሬውን የሚነካው የለም፤ እዚያው ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞንም የሚጓዘው በደም እንጂ በዚያ ቱቦ ስላልሆነ ጢም አይረግፍም፣ ድምፅ አይቀጥንም፣ የመኝታው ነገርም በነበረበት ይቀጥላል። በነበረበት ማለቴን ልብ ይሏል፤ ድሮም ያልነበረውን ቫሴክቶሚ አያመጣም።

ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሌላው ሊቅ ደግሞ «ያ ሁሉ ዘር መውጫ ሲያጣ የት ይገባል?» ይላል። ጎበዝ ጥያቄ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛው ከፕሮስቴትና ከአጠገቡ ካሉ ዕጢዎች የሚመነጭ ነው፤ የዘር ሕዋሱ ድርሻ ከመቶ አምስት እጅ ቢሆን ነው። እሱ ሲቀር ባለቤቱም ሆነ ባለቤቲቱ ልዩነቱን አይለዩትም። መውጫ ያጣውን ሕዋስ ሰውነት አፍርሶ መልሶ ይመጠዋል። ሊቁ ግን «ተጠራቅሞ ወደ ጭንቅላት ይወጣል» ብሎ ደምድሟል። አንዳንድ ጭንቅላቶችን ሳይ፣ ያለ ኦፕራሲዮንም መውጣቱ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

«ወገብ ይሰብራል፣ ከባድ ዕቃ አያስነሳም» የሚለውስ? ይህ እንኳ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እውነትነት አለው፤ ሐኪሙ ዕረፍትና በረዶ ያዛል፣ ሸክም ይከለክላል። ከዚያ በኋላ ማንሳት ይቻላል። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ከቧንቧ እስከ ጓዳ ሲያመላልስ የኖረው ማን እንደሆነ ግን ጀግናችን ባይጠየቅ ይመርጣል።

ወሬው ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። ከመቶ ዓመት በፊት ቪየና ላይ ኦይገን ሽታይናህ የተባለ ተመራማሪ የዘር ቱቦን መቋጠር ያረጀን ወንድ ወደ ጉልምስና ይመልሳል ብሎ አስተማረ። የአውሮፓ ሽማግሌ ገንዘቡን ይዞ ተሰለፈ። ለሥነ ልቦናው ሊቅ ለሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 እ.ኤ.አ. ተደርጎለታል። የአየርላንዱ ባለቅኔ ዊሊያም በትለር ዬትስ ሰባ ሊደፍን ሲል በ1934 ለንደን ሄዶ ተደረገለት፤ ጉልበቱም ቅኔውም እንደታደሰለት ይናገር ነበር። ኋላ ሳይንሱ ሲጣራ ማንንም ወጣት እንደማያደርግ ታወቀ። እንግዲህ እዚያ ወንድነትን ለማግኘት ከፍለው ያስቆረጡት ቱቦ ነው፣ እዚህ ወንድነት እንዳይጠፋ አይነካ የምንለው። ቱቦው ግን ዘር ከማመላለስ በስተቀር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ወሬውንም አልሰማም።

የአንድ የሰፈራችን ጀግና ታሪክ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ባለቤቱ አራት ወልዳለች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት በኦፕራሲዮን። ሆዷ እንዲከፈት የፈቃድ ወረቀቱን ሁለቴም የፈረመው እሱ ነው፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ክኒን ጀመረች፣ ደም ግፊቷ ወጣ። ወደ ሦስት ወሩ መርፌ ዞረች፣ ደሙ ያለ ቀኑ እየመጣ አስቸገራት፣ ኪሎዋ ጨመረ። ክንዷ ውስጥ የሚቀበረውን ልታስገባ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሯት ሄደ፤ ደግ ባል ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሲስተሯ ማደንዘዣውን ስትወጋት ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ደም ማየት አይችልም። ሲስተሯም «ጋሼ፣ ልጅ በቃን ካላችሁ ለእርስዎም እኮ አለ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በእግርዎ ሄደው ቤትዎ ይገባሉ» አለችው። ጀግናችን ሁለት እጁን በጭኖቹ መካከል ከቶ «ሲስተር፣ ምን በደልኩሽ?» አላት።

በእውነትም ምን በደላት? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ያገቡ ሴቶች 36ቱ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 23ቱ መርፌውን፣ 8ቱ በክንድ የሚቀበረውን። ቫሴክቶሚ ከመቶው ውስጥ ቁጥር የማይወጣለት ኢምንት ነበር። መስመራችን አልተደፈረም ማለት ነው። ልጅ በቃን ከተባለ ደግሞ የሴቷን ቱቦ መቋጠር አለ። ለዚያ ሆድ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፣ አደጋውም ማገገሚያውም ከወንዱ ይበልጣል። ወንዱን የአካባቢ ማደንዘዣ ይበቃዋል፤ ሊ ሹንቺያንግ የተባሉ ቻይናዊ ሐኪም በ1974 እ.ኤ.አ. ባመጡት ዘዴማ ቢላዋም የለም፣ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ያልቃል፣ ስፌት እንኳ አይፈልግም። ስለዚህ ከባዱ ለእሷ፣ ቀላሉ ለማንም አይሁን። ጀግና ቀላል ነገር አይወድማ።

ሽሙጡን ላቁመውና፣ እውነተኛ ፍርሃትም አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በአንድ ዓመት ብቻ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ወንዶች ቱቧቸው ተቋጠረ። ሹማምንት ኮታ ተሰጥቷቸው ድሃውን ከየመንደሩ ይለቅሙ ነበር፤ የልጇ የሳንጃይ ዘመቻ ነው። ወንዱ ተቆጣ፣ በ1977 በምርጫ ካርዱ መንግሥቱን ጣለ። ከዚያ በኋላ የመጡት ፖለቲከኞች ከወንዱ ቱቦ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ሴቷ ዞሩ፤ ዛሬ ሕንድ ውስጥ የሚመክነው ከሞላ ጎደል ሴት ብቻ ነው። የተበደለው ወንድ፣ ካሳውን የከፈለችው ሴት። አስገድዶ ማምከን ወንጀል ነው። የእኛ ጀግና ግን ማንም አላስገደደውም፤ የተጠየቀው በጨዋ ደንብ ነው፣ «ጋሼ» ተብሎ። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ የማይለቅ ሕመም ሊተው እንደሚችል፣ እንደገና ማስቀጠሉም በተለይ ዓመታት ካለፉ እንደማያስተማምን፣ ከኤች አይ ቪ እንደማያድን የሚነግረውም ራሱ ሐኪሙ ነው። ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቢያመነታ ደግ አደረገ እላለሁ።

ሃይማኖቴ አይፈቅድም የሚልም አለ። ማንኛውንም መከላከያ የማይቀበል ሰው ቃሉን ጠብቋል፣ ከእሱ ጋር ሙግት የለኝም። የሚደንቀኝ ሚስቱ መርፌ ስትወጋ ዐሥር ዓመት ያልታወሰው ጥቅስ፣ ተራው ሲደርስ ከነምዕራፉ የሚመጣለት ሰው ነው። ሌላው፣ ከስድስት ልጅ በኋላ ሃምሳውን ደፍኖም «እሷ ብትሞትስ?» ይላል። ቡናውን የምታፈላው እሷው ናት፤ እየሰማች ነው።

አልፎ አልፎ ግን ከሰልፉ የሚከዳ ይገኛል። ተሠርቶለት በእግሩ ቤቱ ይገባል። ሐኪሙ አስጠንቅቆታል፦ ከተቆረጠው ቦታ አልፎ የነበረው ዘር ቱቦ ውስጥ ስለሚቆይ ሦስት ወር ያህል ሌላ መከላከያ ተጠቀም፣ ከዚያ ናሙና አምጣና መጥራቱን እንይ። ከጠራ በኋላ የሚያመልጠው ከሁለት ሺህ አንድ ያህል ነው። ናሙና የሚለው ሲነገር ግን ጀግናችን ጆሮውን ደፍኗል፤ ደግሞ በላስቲክ ብልቃጥ ይዤ ልሰለፍ? ተቆርጧል አይደል፣ አለቀ። በሁለተኛው ወር ሚስት ታረግዛለች። ያን ጊዜ ጀግናችን ስለ ቫሴክቶሚ አስተማማኝነት ዓለም ላይ ካሉ ሐኪሞች ሁሉ የበለጠ አማኝ ይሆናል። የጤና ጣቢያው ወረቀት በእጁ፣ የእድር ዳኛ፣ የሚስት ወንድሞችና የንስሐ አባት ይጠራሉ፤ «ቱቦዬ ተዘግቷል፣ ይህ የማን ነው?» ይባላል። ልጁ ተወልዶ ቁርጥ አባቱን ሲመስል ይቅርታው በሽማግሌ ይፈጸማል። ናሙናውን ዛሬም አልወሰደም። እሷም በአርባዋ ማግስት ካርዷን ይዛ ለመርፌው ተሰልፋለች።