ስለ ረጠበ ግድግዳ፣ ከለንደን ለእትዬ

ለውድ እትዬ፦

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጋሼስ፣ ልጆቹስ፣ ያቺ ተዋጊ ላምሽስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። «ለንደን ቤት ገዛ» ብለሽ በሰንበቴው እልል ማስባልሽን ሰምቻለሁ። እልልታውን ያዝ አድርጊው፤ እዚህ አገር ቤት ገዛ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

እንግሊዝ ውስጥ ፎቅ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለተወሰነ ዘመን፣ ለምሳሌ ለ99 ወይም ለ125 ዓመት፣ የመኖር መብት ነው። መሬቱ፣ ጣሪያው፣ የውጪው ግድግዳና አሸንዳው የባለ ርስቱ ናቸው። ባለ ርስቱ አስተዳዳሪ ይቀጥራል፤ ደመወዙን ነዋሪው ይከፍላል። «የኛም ሊዝ 99 ዓመት አይደል?» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ግን ቤቱ የባለ ይዞታው ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ከጉና ወርዶ ቆርቆሮውን ቢያንጠባጥበው መሰላል ተውሶ ይወጣል፤ ምርጊቱ ቢረግፍ ጭቃውን በጭድ አቡክቶ ይመርጋል። (ጭቃ መርገጥ ሰንፎ ነው የተሰደደው ማለትሽን አልረሳሁም።)

እዚህ ግድግዳ ሲረጥብ ሥርዓት አለው። ነዋሪው ያመለክታል። ከስንት ጊዜ በኋላ ባለ ሁለት ጥርስ መለኪያ የያዘ ባለሙያ ጫማውን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይገባል። ጥርሱን ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ መሣሪያው ሲጮህ ተስፋ እንደቆረጠ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። ውጪ አሸንዳው ተሰብሮ ውሃው በግድግዳው ላይ ይንዠቀዠቃል፤ እሱ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ስለ ድስት ይመረምራል። ወጥ ትሠራላችሁ? ትከድኑታላችሁ? ልብስ የት ታሰጣላችሁ? ሌሊት መስኮት ትከፍታላችሁ? በጥር ነው የሚጠይቀው! ከዚያ ሪፖርቱ ይመጣል፤ ጥፋተኛው የነዋሪዎቹ ትንፋሽ ነው። ብቻውን ለሚያድር ሰው ይህ ክስ ሳይሆን ምርቃት ነው፤ ምነው ቤቱ እውነትም የሰው ትንፋሽ በሞላው! ደግነቱ ሽሮዬ አለች፤ እሷ ስትንተከተክ የሁለት ሰው ያህል ታወራለች።

ትንፋሽና እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ እንደሚሆኑ አይካድም። የተሰበረ አሸንዳ ግን በመስኮት መክፈት አይጠገንም። ይህ ሰበብ ሰው በልቷል፤ በሮችዴል ከተማ አንድ አባት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሻጋታ ሲያመለክት ቀለም ቀባበት ተባለ፤ የሁለት ዓመት ልጁ አዋብ ኢሻቅ በዲሴምበር 2020 ሞተ። መንስኤው ሻጋታው መሆኑ በ2022 በምርመራ ተረጋገጠ። በስሙ የወጣው ሕግ በኦክቶበር 2025 ሥራ ላይ ውሏል፤ የሚጠብቀው ግን የማኅበራዊ ቤት ተከራዮችን ነው፤ ቤት «የገዛውን» አያውቀውም።

የችግሩ ሥር፣ ጥገናውን የሚያዘው ሌላ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ መሆኑ ነው። በአንድ ነዋሪ ላይ ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ጥገና ምክክር ይጠይቃል፤ ሁለት ማስታወቂያ፣ ለእያንዳንዱም 30 ቀን። ይመከርበታል እንጂ ነዋሪው አያስቆመውም። በጥቂት ገንዘብ የሚታሰር አሸንዳ እስኪበሰብስ ይቆያል፤ የከበደው ሂሳብ ያዘገየውን አይነካውም። የኛም የቀበሌ ቤት በዚሁ መንገድ ነው የጎበጠው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ኪራዩ ለጥገና አልበቃ፣ ነዋሪውም የራሱ ባልሆነ ጣሪያ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ እጁ አልፈታ።

ጋሼ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አያስተዳድሩትም?» እንደሚል አውቃለሁ። ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የእንግሊዝ ሕግ ቢያንስ የግማሾቹ ቤቶች ባለቤቶች ከተባበሩ አስተዳደሩን ይሰጣቸዋል። ጋሼ ግን የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ይመልከት። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውንና ጣሪያውን የጋራ አድርጓል፤ መዋጮ ሲጠየቅ በሩን የሚከፍት ይጠፋል፤ ምድር ቤት ያለው «ጣሪያው ምኔ ነው?» ይላል። እንዲያም ሆኖ እኔ የነዋሪዎቹን አስተዳደር እመርጣለሁ፤ ያላዋጣውም ጎረቤት በዚያው ደረጃ ላይ ይንሸራተታላ! የእድራችንን ዳኛ በፖስታ ብትልኪልኝ ደግሞ ሁሉም በሳምንት ይከፍላል።

ለእማማ ስታነቢላት ስለ ባለ ርስቱ ያለውን ዝለዪው፤ «ቤቱ የልጄ ነው» እያለች ትፎክር። በርበሬውን በሁለት ፌስታል አሽጊልኝ።

ወንድምሽ