ሐሳብ በኪሎ

አዲስ አበባ ውስጥ ሐሳብ አይፈልቅም። ይህን ጠንቅቀው ያወቁ መሥሪያ ቤቶቻችን ሐሳብ ባስፈለጋቸው ቁጥር ሠራተኛውን በአውቶቡስ ጭነው በቃሊቲ በኩል ይወጣሉ። በጀት የተረፋቸው እንደሆነ አዳማ፣ ሐይቅ ያማራቸው እንደሆነ ቢሾፍቱ፣ ሐሳቡ አስቸኳይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ዱከም። 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ጠዋት ቢሮ ውስጥ እስክሪብቶ የጠፋብን ሰዎች ረፋድ ላይ ዱከም ስንደርስ ፈጣሪዎች ሆነን እንወርዳለን። አየሩ ይሁን ውሃው እስካሁን አልተጠናም። እኔ የምጠረጥረው ውሎ አበሉን ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠው ያሰቡት ሐሳብ ውሎ አበል የለውም፤ ውሎ አበል የሌለው ሐሳብ ደግሞ ያው የምናውቀው ሐሳብ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ እንቅልፍ የሚነሣው።

ባለፈው ዓመት ዕድሉ ደርሶኝ ሄጃለሁ። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራም፤ ደሞዜን ገና ይከፍላል። ደብዳቤው «የፈጠራ ሐሳብ ማመንጫና ማበልጸጊያ መድረክ» ይላል። መጀመሪያ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ተብሎ ነበር፤ ረቡዕ ጾም መሆኑ ሲታወስ ግን ሐሳቡ ማክሰኞ ማታ ፈልቆ እንዲያልቅ ተወሰነ።

ክቡር ኃላፊያችን በመክፈቻ ንግግራቸው መድረኩ ምን ዓይነት አዳዲስ ሐሳቦች እንደሚያፈልቅ አንድ በአንድ ዘረዘሩልን። ብዙ ድካም ቀነሱልን። ከዚያ አሠልጣኙ ተነሥቶ፣ አሌክስ ኦስቦርን የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስፋፋውን የጋራ ሐሳብ ማመንጫ ዘዴ አስረዳን። ሕጉ ቀላል ነው፦ የመጣልህን ተናገር፣ የሌላውን አትተች፣ ብዛት ይሁን እንጂ ጥራቱ በኋላ ይደርሳል። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ መጥፎ ሐሳብ የሚባል የለም!» አለ። ሁላችንም ዞር ብለን እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ኃላፊያችንን አየን። ፊታቸው አልተፈታም። እኛም የእሳቸውን ሐሳብ ተራ በተራ እያነሣን «እንደተባለው» እያልን አመነጨን።

አሠልጣኙ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ ፈትነውት ነበር። በቡድን ተቀምጠው ካሰቡት ይልቅ ያን ያህሉ ሰዎች ለየብቻቸው ሆነው ያሰቡት በቁጥርም በጥራትም በልጦ ተገኘ። እንግዲህ አሜሪካኖቹ ዱከምን ስለማያውቁ ነው። ደግሞም የእነሱ ተፈታኞች አለቃቸው ፊት አልተቀመጡም። የእኛ ነገር በሬ ካራጁ ይውላል ነው፦ ሐሳቡም፣ ሐሳቡን የሚያርደውም፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳሉ።

ቀጥሎ ካይዘን መጣ። ካይዘንን እንኳ አልንቅም። በ2000 ዓ.ም. አቶ መለስ ዜናዊ ጃፓኖቹን አስተምሩን ብለው ጠየቁ፤ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ቁም ነገሩም ያምራል፦ ሥራውን የሚያሻሽለው ሥራው ላይ ያለው ሰው ነው፣ ዛሬ ትንሽ፣ ነገም ትንሽ። ይህን ለመማር ሥራው ላይ ያሉትን ሰዎች ቢሮ ትተናቸው ዱከም መጣን።

አሠልጣኙ በትልቁ «ሙዳ» ብሎ ጻፈ። «በጃፓንኛ ሙዳ ማለት ብክነት ነው» አለ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ነቃ። ዱከም ላይ፣ ከምሳ በፊት፣ ሙዳ ብክነት ነው ሲባል! ከኋላ አንዱ «ሻኛውንም ይጨምራል?» አለ፤ የመድረኩ ብቸኛ ከልብ የመጣ ጥያቄ ይህ ነበር። ሙዳዎቹ ሰባት ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ መጠበቅ አለ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝም አለ፣ ከሚፈለገው በላይ ማምረትም አለ። ሦስቱንም ከጠዋት ጀምሮ በተግባር ሠርተናቸው ስለነበር ገለጻው ቶሎ ገባን።

ምሳ ላይ ግን እውነተኛ ባለሙያ አየሁ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ። ጠረጴዛችንን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ አየና ማን ጮማ እንደሚወድ፣ ማን ቀይ እንደሚፈልግ፣ ለማን ጥብሱ ደረቅ እንደሚል ሳይጠይቅ ለየ። ቢላው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ አያርፍም። አዋዜውን ከሰናፍጩ ለይቶ ማን እጅ አጠገብ እንደሚያኖር ሳይቀር አስቦበታል። ፍሊፕ ቻርት የለውም። አወያይ የለውም። ጥናት ይደረግበት ሲል አልሰማሁም።

ከከተማው ዳር ደግሞ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. አቶ መለስ ቻይና ሄደው ሁዋጂያን የሚባለውን ጫማ አምራች ጋበዙ፤ በጥር 2004 ዱከም ላይ ጫማ ይሰፋ ነበር። አምስት ወር ነው። የሠራተኛው ደሞዝና ኑሮ ሌላ ወግ ነው፣ ይቆየን። እኔን የገረመኝ አምስቱ ወር ነው፤ የእኛ መሥሪያ ቤት በአምስት ወር ውስጥ ወደ ዱከም የሚሄዱትን ሰዎች ስም ዝርዝር አያጸድቅም።

ማክሰኞ ማታ 43 ሐሳብ ይዘን ተመለስን። 11ዱ ኮሚቴ ይቋቋም የሚሉ ናቸው። 9ኙ ተመሳሳይ መድረክ በየሩብ ዓመቱ ይዘጋጅ ይላሉ። አንደኛ የወጣው «የፈጠራ ባህልን ባህል ማድረግ» የሚለው ነው፤ ያቀረቡት ክቡር ኃላፊያችን ናቸው፤ ሲጨበጨብ ራሳቸውም አጨበጨቡ።

ዱከም ያልመጡ ሰዎች አሉን። አንዷ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው፤ ደረጃቸው ለፈጠራ አይፈቅድም። እትዬ ለዓመታት አንድ ነገር ሲሉ ኖረዋል፦ ባለጉዳዩ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ መስኮቱ ላይ ሲደርስ «የመታወቂያ ኮፒ የለህም» ይባልና ይመለሳል፤ ምን ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በሩ ላይ ለምን አይጻፍም? አንድ ወረቀት ብቻ። «ግሩም ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ ያቅርቡት» ተባሉ። አቀረቡ። «በአስተያየት መስጫ ሣጥኑ ይላክ» ተባሉ። ላኩ። የሣጥኑ ቁልፍ ከቀድሞው ኃላፊ ጋር ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። ኮዳክ የሚባለው የፎቶ ፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለሠራተኞቹ አስተያየት ሽልማት ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ «መስኮቶቹ ይወልወሉ» ያለ ሰው ነበር፤ 2 ዶላር ሰጡት። ደግነቱ እኛ ዘንድ አልሠራ፤ መጀመሪያ የመስኮት ኮሚቴ ውስጥ አለመኖሩ ይነገረው ነበር።

እትዬ ከዚያ በኋላ ዝም አይነቅዝም ብለው ነበር። ነገሩን የጨረሰው የበሩ ጥበቃ ነው። እኛ ዱከም ሐሳብ በምናመነጭበት ሰኞ፣ እትዬ እየነገሩት እሱ በማካሮኒ ካርቶን ላይ ጻፈው፦ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የቀበሌ ደብዳቤ። በሽቦ በሩ ላይ አሰረው። በሳምንቱ የኮሪደሩ ሰልፍ ግማሽ ሆነ። የመድረኩ ሪፖርት ሲጻፍ «ከዱከሙ መድረክ ወዲህ የተገልጋይ እንግልት በሚታይ መልኩ ቀንሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባበት። ሐሰትም አይደለም፤ ከዱከም ወዲህ ነው የቀነሰው።

ከዚያ ዱከም ላይ የተቋቋመው ቡድናችን አስፈላጊውን ካላስፈላጊው ለመለየት ግቢውን ዞረ። ካይዘን እንደሚያዘው፣ የማያስፈልግ ነገር ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል። የተሰበሩት 14 ወንበሮች የንብረት ክፍል ሳይፈቅድ አይነኩም ተብሎ ታለፉ። የሣጥኑ ዝገት ታለፈ። በሩ ላይ ሲደርሱ ካርቶኑን አዩት፤ ማኅተም የለውም፣ የሎጎው ቀለም የለበትም፣ የማካሮኒው ሥዕል በጀርባው በኩል ይታያል። ቀይ ወረቀት ተለጠፈበትና ወረደ።

ጥበቃው ግን ካርቶኑን አልጣለውም። አሁን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ይቀመጥበታል። ባለጉዳይ ሲመጣ ከላዩ ላይ ይነሣና ያስነብበዋል። ኃላፊ ሲመጣም ይነሣል፤ ያኔ ግን ማካሮኒውን ወደ ላይ ገልብጦ ነው።